ፓስወርዱን የሚያውቀው ልጄ ብቻ ነው

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ የደሴ መስመር ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ነው። 10ኛ ክፍል የሚማር የ16 ዓመት ወንድ ልጅና የ9 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። የሞባይል ዳታ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ዋይፋይ አስገባን። ሁሉን ነገር ያስተካከለው ልጄ ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ ፓስወርዱን አላውቀውም። አሁን ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ስልክ ላይ ነው። ማታ ማታ ሶኬቱን መንቀል ጀመርኩ፤ በዳታ ይጠቀማል። ስልኩን ቀማሁት፤ የጣልኩትን አሮጌ ስልኬን ከመሳቢያ አውጥቶ አስነሣው። ባለፈው ደግሞ የጎረቤት ልጆች አጥር ሥር ተኮልኩለው አይቼ ምንድን ነው ብል፣ ለካ በ5 በ5 ብር ዋይፋይ ይሸጥላቸዋል! ከክፍሉ 4ኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ዘንድሮ 19ኛ ወጣ። ወንድሜ ‹ስልኩን ድንጋይ ላይ ሰባብሪው› ይለኛል። ባለቤቴ ‹ዋይፋዩን እናስቆርጠው› ይላል። እኔ ግን ልጁ ይርቀኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ 5 ብሩ ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎን እንቅልፍ የነሣዎት ጉዳይ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን አሮጌ ስልክ አስነሥቶ፣ ራውተር (ዋይፋዩን የሚያሠራጨውን ሣጥን) አስተካክሎ፣ በዚያ ላይ ደንበኛ ያፈራ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ከሰነፍ ልጅ ጋር ከመታገል ይሻላል።

ወንድምዎን በአክብሮት አይሆንም ይበሉት። ስልኩ ቢሰበር ልጁ ሌላ ያገኛል፤ ያኔ ደግሞ እርስዎ የማያውቁት ስልክ ይሆናል። ባለቤትዎ ያሉትም አያዋጣም። ዋይፋዩ ቢቆረጥ ሲም ካርዱ አለ፣ የጓደኛ ቤት አለ። ትምህርቱም ቢሆን ወደ ኢንተርኔት እየገባ ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በኮምፒዩተር የሚፈተኑ ተማሪዎች አሉ፤ የእርስዎም ልጅ ሁለት ዓመት ነው የቀረው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። እናንተ ቤት ግን ልጅ አቡክቶ ቤተሰቡ በሙሉ እየበላ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሌሊት ማምሸቱም፣ ዋይፋይ መሸጡም የመጣው የቤቱ ኢንተርኔት ባለቤት እሱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ እኔ የምመክርዎ ሁለት ነገር ነው። ራውተሩን በግልጽ፣ እሱ እያየ፣ ወደ እጅዎ ይመልሱ። ከዚያ ደግሞ ሌሊቱን ብቻ አጥብቀው ይያዙና ቀኑን ላላ ያድርጉለት።

ለምን ሁሉንም አላጠብቅም ይሉ ይሆናል። በቴክኒክ አይችሉትማ! እስኪ እንየው። ራውተሩ ላይ የእሱን ስልክ ለይተው ቢዘጉ፣ የአሁን ስልኮች የመለያ ቁጥራቸውን እየቀያየሩ መገናኘት ይችላሉ፤ ራውተሩ አዲስ ስልክ የመጣ ይመስለዋል። አንድ ገጽ ቢዘጉ ቪፒኤን፣ የተዘጋን ገጽ በሌላ መንገድ የሚያስገባ መተግበሪያ ማለት ነው፣ ይከፍታል። ቪፒኤኑን ከማን ተማረ ካሉ፣ ከአገሩ ሁሉ ጋር ነው የተማረው። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ወራት ሲቆዩ፣ ቪፒኤን ያላወረደ ወጣት ማግኘት ይከብድ ነበር። ስለዚህ ስልኩ ላይ ቪፒኤን ስላዩ ብቻ ልጄ ተበላሸ አይበሉ። ብቻ ነጻ ከሚባሉት ቪፒኤኖች ብዙዎቹ የሚበሉት ከተጠቃሚው መረጃ መሆኑን ንገሩት፤ እንዲህ ያለው ነገር እሱን ራሱን ያሳስበዋል።

ወደ ሌሊቱ ልምጣ።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። የልጅዎን ውጤት የጣለው ቲክቶክ ነው ከማለቴ በፊት እንቅልፍ ማጣቱን እጠረጥራለሁ። ሌሊቱን ነቅቶ ያደረ ልጅ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ቢገባ የሚያየው ጥቁር ሰሌዳ ሳይሆን ጭጋግ ነው። ማረጋገጥ ቀላል ነው። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ያግኙና «ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል ወይ? በየትኛው ክፍለ ጊዜ?» ብለው ይጠይቁ። የጠዋቶቹ ላይ ነው ካሉዎት ነገሩ ተገኘ።

ለትምህርት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ ከሆነ ማታ 4 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት ማለት ነው። ስለዚህ 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ውስጥ አንድ ቦታ ይቀመጥና እዚያው ቻርጅ ይደረግ። የቤቱ ስልክ ሁሉ ስል የእርስዎም ጭምር ነው። እናት አልጋዋ ላይ ፌስቡክ እያየች ልጁን ተኛ ብትለው የትኛው የ16 ዓመት ልጅ ይሰማል? ባለቤትዎ መንገድ ላይ ሆነው ማታ የሚደውሉ ከሆነ የእርስዎ ስልክ ድምፁ ተከፍቶ ሳሎን ይደር፤ ይሰማዎታል።

የደብረ ብርሃን ብርድ ለልጁ እንደሚያግዘው አውቃለሁ። በዚያ ብርድ ማታ ተነሥቶ ልጅ ምን እያደረገ ነው ብሎ የሚያጣራ ወላጅ የለም፤ እሱም ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ብርሃኑ እንዳይታይ ያደርጋል። ለዚህ ነው ክትትሉን ትተው ስልኩን ከመኝታ ቤት ማስወጣት ያለብዎት። ዋይፋዩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ የሌሊት ጥቅል በርካሽ ይገዛል፣ በዚያ ላይ ከ2015 ወዲህ ሳፋሪኮምም ስላለ ልጆች ሁለት ሲም ይይዛሉ። አሮጌውን ስልክ ደግሞ ሱቅ ይውሰዱትና እዚያው ይቆልፉበት።

ሰበብ ማምጣቱ አይቀርም። «አላርም የለኝም» ይላል፤ የማንቂያ ሰዓት ይግዙለት። «መብራት ቢጠፋስ?» ይላል፤ የእጅ ባትሪ ይስጡት። «የጥናት ግሩፕ አለን» ይላል፤ ይህኛው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ቴሌግራም ላይ የሚጠና ሒሳብ የለም። ዓርብና ቅዳሜ አንድ ሰዓት ቢጨምሩለት እኔ አልቃወምም። በክረምት ዕረፍትም እንደዚሁ።

ራውተሩን እንዴት ነው የምቀበለው ካሉ፣ ባለቤትዎ ቤት ባሉበት ቀን ያድርጉት። ከጭቅጭቅ ማግስት አይሁን። ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ሁሉ ረጋ ብሎ ሳለ ይጥሩት። «ልጄ፣ ይሄን ነገር አንተ ነህ የገጠምከው፤ አመሰግናለሁ። ግን ቤቱ የእኛ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ መሆን አለበት። ና አሳየኝ» ይበሉት። ቅጣት ነው እንዳይመስለው። አባቱ አጠገብዎ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ቢነቀንቁ ይበቃል፤ ብዙ ባይናገሩ ይሻላል።

ሥራውን ራሱ ይሥራው። ራውተሩ ሥር የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ የማስተካከያው ገጽ አድራሻ፣ ስምና ፓስወርድ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ላይ ተጽፏል። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። እሷን ስልኩ ላይ ከፍቶ ይግባና ደረጃ በደረጃ ያሳይዎት፤ እርስዎ ደብተር ይዘው ይጻፉ። ሁለት ፓስወርድ መኖሩን ልብ ይበሉ። አንዱ ስልኮች ዋይፋይ የሚገቡበት ነው። ሌላው ራውተሩን ራሱን የሚያዝዙበት ነው። ብዙ ወላጅ የመጀመሪያውን ቀይሮ ተገላገልኩ ይላል፤ ሁለተኛው ልጁ ጋ እስካለ ድረስ ግን ምንም አልተደረገም። ሁለተኛውን እርስዎ ራስዎ ይተይቡ፤ እሱ ፊቱን ያዙር። በስሙም በልደት ቀኑም አያድርጉት፤ መጀመሪያ የሚሞክረው እነዚያን ነው።

ራውተሩ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። በመርፌ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ቢይዛት ሁሉም ነገር ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ይመለሳል፤ የእርስዎም ፓስወርድ ይጠፋል። ይህን እሱ ያውቃል፤ እርስዎም እንደሚያውቁ ይወቅ። በየጊዜው በራስዎ ፓስወርድ ገጹን ከፍተው ይሞክሩ። አልከፍትም ካለዎት መርፌዋ ሠርታለች ማለት ነው። ያኔ ስለ ራውተር አይከራከሩ፤ «ተስማምተን ነበር፣ አፈረስከው» ብቻ ይበሉት።

እዚያው ገጽ ላይ ሳሉ አንድ ነገር ያሠሩት። የሚከለከሉ ስልኮችን ከመዘርዘር የሚፈቀድላቸውን ብቻ መዘርዘር ይቻላል። የቤቱን ስልኮች አስገብቶ ሌላውን ሁሉ ይዝጋ። የእሱ ስልክ መለያ ቁጥሩን እየቀያየረ ልግባ ቢልም አያስገባውም። የጎረቤት ልጆች ፓስወርዱን ቢይዙትም አይገቡም፤ የ5 ብሩ ንግድ በዚህ ያበቃል።

ስለ ንግዱ ግን ዝም ብለው አይለፉት። በእናንተ ስም በገባ መስመር የማታውቁት ሰው ምን እንደሚልክ፣ ማንን እንደሚሰድብ አታውቁም፤ የሚጠየቀው ግን መጀመሪያ የመስመሩ ባለቤት ነው። ይህን ለልጅዎ ሲነግሩት ተገላቢጦሹንም ይጨምሩበት። የእርስዎን ሲዘጉበት የጎረቤት ዋይፋይ ሰብሮ መግባት ያምረው ይሆናል። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒዩተር ወይም ኔትወርክ ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። ለማስፈራራት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ልጅ ወሰኑን ከወላጁ አፍ ቢሰማ ይሻላል። የሰበሰበውን ብር ግን አይቀሙት። ልጆቹ ከፍለው ያልተጠቀሙበት ካለ ይመልስላቸው፤ የተረፈው የእሱ ነው።

ቀኑን ላላ ያድርጉ ያልኩት ከልቤ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስንት ደቂቃ ስልክ ያዝክ እያሉ ሰዓት አይቁጠሩበት። ምሳ በልቷል? የቤት ሥራውን ሠርቷል? ውኃ ቀድቷል? ሱቅ ሲያስፈልግዎት ይተካዎታል? እነዚህ ካሉ ኳስ ቢያይ፣ ጌም ቢጫወት ምን አለበት። ቲክቶክ ላይ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ለተመዘገበ ሰው በቀን 60 ደቂቃ ሲሞላ ቆም የሚያሰኝ ገደብ ራሱ መተግበሪያው ያስቀምጣል፤ ልጁ ግን ሊያልፈው ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን ትክክለኛ ዕድሜውን ከሞላ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ሲመዘገቡ የ25 ዓመት ጎልማሳ ሆነው ነው የሚመዘገቡት። እስኪ ዕድሜህን ስንት ብለህ ሞላህ ብለው ይጠይቁት፤ ሳቅ ካመለጠው ገባዎት ማለት ነው።

ስልኩ ላይ በድብቅ መሰለያ ጫኑበት የሚልዎት ሰው ካለ አይስሙት። መጀመሪያ ነገር ያገኘዋል። ካገኘው ደግሞ «ይርቀኛል» ብለው የፈሩት ያን ቀን ይሆናል። በዚያ ላይ የልጅዎን መልእክትና ፎቶ የት እንዳለ ለማታውቁት ኩባንያ በገዛ እጅዎ እያስረከቡ ነው።

አሁን የሚከብደውን ላንሣ። በደብዳቤዎ አልጻፉትም፤ ግን ሌሊት ብቻውን ስልክ የያዘ ወንድ ልጅ ምን ሊያይ እንደሚችል እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ከዚያም የሚብስ አለ። ቆንጆ ልጅ መስሎ የሚያወራው ሰው ያልተገባ ፎቶ ያስልከዋል፤ ከዚያ «ካልከፈልክ ለቤተሰብህና ለጓደኞችህ እልከዋለሁ» ይለዋል። የዚህ ወጥመድ ዒላማ በብዛት የሱ እኩያ ወንዶች ናቸው። ልጆች ይህ ሲደርስባቸው የሚያፍኑት አባት ይገድለኛል፣ ስልኬን ይወስዱብኛል ብለው ነው። ወሬው ለእናት ያሳፍር ይሆናል፤ አባቱ ይንገሩት። መኪና ውስጥ አጠገባቸው አስቀምጠው ሸኖ ወይም ደብረ ሲና ደርሰው ሲመለሱ ቢያወሩት፣ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ለሁለቱም ይቀላል። የሚሉት አጭር ነው፤ «እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥምህ፣ ጥፋቱ የአንተ ቢሆንም እንኳ፣ ቶሎ ንገረኝ። ስልክህን አልወስድም። ገንዘብ አትላክ፣ ጽሑፉንም አታጥፋ፤ ለፖሊስ ማስረጃ ነው።» ቃላቸውን ደግሞ ይጠብቁ። ነገ ቢነግራቸውና ስልኩን ቢቀሙት ሁለተኛ አይነግራቸውም።

ለትንሿ ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። እሷ መቆለፊያ የምታልፍበት ዕድሜ ላይ አይደለችም፤ ስለዚህ መቆለፊያው ለእሷ ይሠራል። ራውተሩ ላይ ዲኤንኤስ የሚባለው ቦታ (ስልኩ የገጾችን አድራሻ የሚጠይቅበት ነው) 1.1.1.3 ብሎ ቢሞላበት የብልግና ገጾችንና ቫይረስ ያለባቸውን አብዛኞቹን ያስቀራል፤ ክላውድፍሌር የተባለ የኢንተርኔት ኩባንያ ለቤተሰብ ብሎ በነጻ የሚሰጠው ነው። የምትይዘው ስልክ ላይ ወላጅ የልጁን ስልክ የሚቆጣጠርበት የጉግል ፋሚሊ ሊንክ ይጫን። ይህን ሁሉ ወንድሟ ይሥራላት። «እህትህን ከምን መጠበቅ አለብን ብለህ ታስባለህ?» ብለው ይጠይቁትና የሚመልሰውን በደንብ ያዳምጡ። ስለ ራሱ ጠይቀው የማያገኙትን እዚህ ጋ ይነግርዎታል።

ችሎታውንም ቦታ ይፈልጉለት። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በኢንተርኔት በነጻ ያስተምራል፤ ለጨረሰ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም፣ ሰው ኢንሳ የሚለው ማለት ነው፣ ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች በክረምት የሚያሠለጥንበት የሳይበር ታለንት ፕሮግራም አለው። አሮጌ ስልክ ከመሳቢያ አውጥቶ የሚያስነሣ ልጅ ቢሞክር ምን ይጎዳል? ብቻ «እሱን ከጨረስክ ስልክ እሰጥሃለሁ» እያሉ መደራደሪያ አያድርጉት፤ ወዲያው ነው የሚያስጠላው።

ስምምነቱን ያፈርሰዋል፤ አይደንግጡ። አንድ ሌሊት ስልኩን ደብቆ ይገባል። ያኔ ቅጣቱ ትንሽና የታወቀ ይሁን፤ በማግስቱ ስልኩ እስከ ማታ ሳሎን ይዋል፣ አለቀ። ለአንድ ወር መቀማት ለእናት ቁጣ ይመቻል እንጂ ማንም አይዘልቀውም፤ በሳምንቱ አዝነው ይመልሱለታል፤ እሱም ያንን ያውቃል። ወንድምዎም ድንጋዩን ትተው በወር አንድ ቀን ኳስ ሜዳ ቢወስዱት ውለታ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር፤ ራውተሩ በመርፌ ከተነካ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደውላሉ። መስመሩ በባለቤትዎ ስም ከሆነ እሳቸው ራሳቸው ቢደውሉ ይሻላል፤ የአገልግሎት ቁጥሩን አሁኑኑ ከደረሰኙ ላይ ወደዚያው ደብተር ይገልብጡት።